እናቴን ሞምባሳ ላስጎበኛት ነው፤ አስጎብኚ ልቅጠር ወይስ ቱክቱክ (ባጃጅ) ይበቃል?

«ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ጋር ናይሮቢ ነው የምንኖረው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታለች። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነው፣ ተወልዳ ያደገችው አንኮበር ነው፣ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ሐሙስ በባቡር ሞምባሳ ወርደን እሑድ ልንመለስ አስበናል። የያዝነው ሆቴል ኛሊ ሰፈር ነው። ሆቴሉ ለዓርብ ጠዋት ለእኛ ብቻ የሚሆን የግማሽ ቀን የከተማ ጉብኝት አቅርቦልናል። መኪና፣ ሹፌርና አስጎብኚ አለው፤ የሚያሳዩን ቦታ ሰባት ነው፦ ፎርት ጂሰስ፣ አሮጌው ከተማ፣ የቅመም ገበያው፣ የዝሆን ጥርሶቹ፣ የሊኮኒ ጀልባ፣ የእንጨት ቀራጮቹ መንደርና ሃለር ፓርክ። ዋጋው ለእኛ ቀላል አይደለም። ባለቤቴ "ይኼ ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ አንድ ቱክቱክ ይዘን ራሳችን እንዞራለን" ይላል። እናቴ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች፤ በሰው አገር ፀሐይ ላይ እንዳትንገላታ ፈራሁ። እሷን ስንጠይቃት "ለእኔ ብላችሁ ብር አታውጡ፣ ባሕሩን ካየሁ ይበቃኛል" ትላለች። በዚህ የተነሳ እኔና ባለቤቴ ተኳርፈናል። ምን ትመክሩናላችሁ? እ. ከናይሮቢ»

ውድ እህታችን፣

አስጎብኚ ቅጠሩ። ሆቴሉ የደረደረላችሁን ሰባት ቦታ ግን ወደ ሦስት ወይም አራት አውርዱት፤ ቀኑን ከዓርብ ወደ ቅዳሜ አዙሩት፤ ዋጋውንም በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በመኪና ተዋዋሉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ባለቤትሽ የፈራው ወጪም አንቺ የፈራሽው እንግልትም አብዛኛው ይቀራል።

ከቦታው ብዛት ልጀምር። ሞምባሳ ደሴት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከኛሊ ወደ ደሴቷ የምትገቡት በድልድይ ነው፤ ጠዋት ድልድዩ በመኪና ይጨናነቃል። ሃለር ፓርክ ከሆቴላችሁ ወደ ሰሜን፣ ባምቡሪ ነው። ቀራጮቹ ያሉት በምዕራብ በኩል፣ ከደሴቷ ወጥቶ በኤርፖርቱ መንገድ ነው። የሊኮኒ ጀልባ ደግሞ በደቡብ ጫፍ ነው። እነዚህን ሁሉ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልዙር ያለ ሰው የሚያየው የመኪናውን መስኮት ነው። የሊኮኒ መሻገሪያ ሕዝብ የሚግተለተልበት፣ ወደ ጀልባው የሚያወርደውም መንገድ ቁልቁል የሆነ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ምንም ትርፍ የለውም። የዝሆን ጥርሶቹ በሞይ ጎዳና ላይ ተሻግረው የቆሙ የአሉሚኒየም ቅስቶች ናቸው፤ ከመኪና ሳትወርዱ እያለፋችሁ ታዩዋቸዋላችሁ። የቀራጮቹ እጅ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን በጉብኝት ፕሮግራም ውስጥ የሱቅ ማቆሚያ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት በመግዛትና ባለመግዛት መሳቀቅ ያልቃል። እሱን ተዉት።

ለራሳችሁ ብቻ የሆነ ጉብኝት ስትይዙ ዋናው የምትከፍሉበት ነገር ሰዓቱ በእናንተ እጅ መሆኑ ነው። እናትሽ ሲደክማቸው መኪናው ይቆማል፤ አንድ ነገር ደስ ሲላቸው ማንም «እንሂድ፣ አውቶቡሱ ይጠብቃል» አይላቸውም። አስጎብኚው ሰባት ቦታ ለማዳረስ የሚሮጥ ከሆነ ግን ይህን ጥቅም በገዛ ገንዘባችሁ መልሳችሁ አጣችሁት ማለት ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ ልምጣ። እናትሽ «ባሕሩን ካየሁ ይበቃኛል» ያሉትን ቃል እመኚያቸው። ሆቴሉ ከዘረዘራቸው ሰባት ቦታዎች አንዱ እንኳ «ባሕር ዳር ተቀመጡ» አይልም። ስለዚህ ባሕሩን ለአስጎብኚ አትተዉለት። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከናይሮቢ የሚነሳውን ባቡር ከያዛችሁ ከሰዓት በኋላ ሞምባሳ ትገባላችሁ። ይኼኛው በመንገዱ ያሉ ጣቢያዎች ላይ ስለሚቆም ከፈጣኑ ይዘገያል፤ ፈጣኑ ከሰዓት ስለሚነሳ ግን የምትደርሱት ከመሸ ነው። በጠዋቱ ባቡር በጻቮ የዱር እንስሳት ፓርክ ሜዳ ላይ ቀይ አፈር የለበሱ ዝሆኖችን በብርሃን የማየት ዕድልም አለ፤ ለልጃችሁ የመስኮቱን ወንበር ስጧት። ሻንጣ ስለሚፈተሽ ባቡሩ ከመነሳቱ አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ድረሱ። የሞምባሳው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሚሪቲኒ የሚባል ቦታ ስለሆነ፣ ከጣቢያው ኛሊ የሚያደርሳችሁን መኪና ከሆቴሉ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሆቴል እንደገባችሁ ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ጠይቁ። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። በሸሸበት ሰዓት ከወረዳችሁ የሚታየው እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ድንጋይ ነው፤ ውኃው ሩቅ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ነገር በዚህ መልክ አያግኙት። ሲሞላ ግን እግራቸው ሥር ድረስ ይመጣል። ባሕሩ ያለው በምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው ከውኃው ላይ ነው፤ እናትሽ ለጸሎት ማልደው የሚነሱ ከሆነ ዓርብ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞረው የሚቆሙበት ቦታ ከዚያ የተሻለ አያገኙም። በቀን ጌጥ የሚሸጡና ግመል ላይ ላውጣችሁ የሚሉ ልጆች ይከቧችኋል፤ በፈገግታ «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ እለፉ፤ ባለጌዎች አይደሉም፣ እንጀራቸው ነው።

ለምን ቅዳሜ? ዓርብ ጾም ነው። እናትሽ ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በባዶ ሆድ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ የመጣ ሰውነት ይዘው በባሕር ዳር ወበቅ ውስጥ መዞር ይሆንባቸዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ጥሩ አይደለም። ነሐሴ በሞምባሳ ሙቀቱ ከሚቀንስባቸው ወራት አንዱ ነው፤ ቢሆንም ላብ ሳይታወቅ ሰውነትን ያደርቃል፣ እግርም ያሳብጣል። ዓርብን እንዴት መጾም እንዳለባቸው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚውጡና ውኃ እንደሚጠጡ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩ። ሌላው ምክንያት፣ አሮጌው ከተማ የሙስሊም ሰፈር ነው፤ ዓርብ ወደ እኩለ ቀን ለጁምዓ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱም በሰጋጅ ይሞላል። ዓርብ እናትሽ ባሕር ዳር ጥላ ሥር ይዋሉ። ባለቤትሽ ደግሞ ቱክቱኩን ይያዝና ልጃችሁን ሃለር ፓርክ ይውሰዳት። ቀድሞ ለሲሚንቶ ድንጋይ የተፈለጠበት ጎድጓዳ ቦታ ነበር፤ ዛሬ ደን ሆኖ ቀጭኔ በእጅ የሚመገብበት ነው። ከኛሊ ሩቅ አይደለም፣ ለዚህ ደግሞ ቱክቱክ በቂ ነው።

የጾም ምግብ አያሳስባችሁ። በኮኮናት የተሠራ የእርግብ አተር ወጥና ሄል የገባበት ማሐምሪ የሚባል ብስኩት የሞምባሳ የታወቀ ቁርስ ነው። እናትሽ ነጩን መረቅ ሲያዩ ወተት መስሏቸው ሊተዉት ይችላሉ፤ ከኮኮናት የተጨመቀ መሆኑን አስረዷቸው። ለአስተናጋጁም «ቢላ ማዚዋ፣ ቢላ ማያይ፣ ቢላ ሲያጊ» በሉት፤ ወተትም እንቁላልም ቅቤም የሌለበት ማለታችሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ከሆቴል ውጡ። ሰዓት ስትቀጥሩ ልብ በሉ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፣ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ። እናትሽ ከሹፌሩ ጋር በዚህ ወዲያው ይግባባሉ። አስጎብኚዎች ግን ከእንግዳ ጋር ሲነጋገሩ ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ስለሚቀይሩ፣ በጽሑፍ ስትላላኩ «ጠዋት» የሚለውን ጨምራችሁ አረጋግጡ።

ፎርት ጂሰስ በሁለት ሰዓት ይከፈታል፤ የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች ሁኑ። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 በፈረንጅ አቆጣጠር ከኮራል ድንጋይ የሠሩት ምሽግ ነው፤ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውስጡ ጥላው ጥቂት ነው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ደረጃም አለው። እናትሽን ሁሉም ጥግ አታድርሷቸው። በመግቢያው ዳገት ቀስ ብለው ይውጡ፣ መድፎቹን ይዩ፣ ከግንቡ ላይ ሆነው ወደ ባሕሩ መግቢያ ይመልከቱ፣ ከዚያ ሙዚየሙ አጠገብ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ። አንቺና ልጅሽ ቀሪውን ስትዞሩ አስጎብኚው ከእሳቸው ጋር ይሁን።

ለታሪክ ጆሮ ያላቸው እናት ከሆኑ ይህ ምሽግ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት አለ፤ አስጎብኚው ላይነግራችሁ ስለሚችል እናንተ ንገሯቸው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ሲደርስ የጠበቀው ጥላቻ ነበር፤ ወደ ማሊንዲ አልፎ ሄደ። በ1541 ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርዶ ግራኝን ሊዋጋ አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ አገራችን የገባው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ የዚሁ ሰው ልጅ ነው። ምሽጉ የተሠራው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1631 ደግሞ ፖርቱጋሎች በሕንድ ወደያዙት ጎዋ ተወስዶ ያደገውና ክርስትና የተነሳው የሞምባሳ ሱልጣን፣ ዩሱፍ ቢን ሐሰን፣ ወደ አባቶቹ እምነት ተመልሶ የምሽጉን አዛዥ በገዛ ምሽጉ ውስጥ ገደለው። በዓመቱ፣ በ1632፣ አፄ ሱስንዮስ የተዋሕዶን እምነት በአዋጅ መለሱ። በአንድ ሰሞን በሁለት ሩቅ አገሮች የፖርቱጋሎች ሃይማኖት ተገፋ። እኔ ግንቡ ላይ ቆሞ ከሚነገር ታሪክ ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

ከምሽጉ አጠገብ የሚጀምረው አሮጌው ከተማ መንገዱ ጠባብ ነው፤ መኪና እንደልብ አይገባም። እዚህ ላይ ባለቤትሽ ትክክል ነው። አስጎብኚው በሩ ላይ አንድ ቱክቱክ እንዲያዘጋጅ ንገሩት፤ እናትሽ በቱክቱኩ፣ እናንተ በእግር ከጎኑ ሂዱ። የተቀረጹትን በሮች፣ የእንጨት ሰገነቶቹን፣ በ1570 ገደማ እንደተሠራ የሚነገርለትን የማንድሪ መስጊድ በዚሁ ታያላችሁ። የእናትሽ ነጠላ ለሰፈሩ የሚስማማ አለባበስ ነው፤ አንቺም ትከሻሽን ሸፈን አድርጊ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ወደብና ጀልባ መሻገሪያ አካባቢ ግን ጭራሽ ካሜራ አታውጡ።

ከዚያ የቅመም ገበያው፣ ማሪኪቲ። ሩብ ሰዓት በሉት፣ ግፊያ አለ። ነገር ግን አትዝለሉት፤ በዚህ ጉብኝት ውስጥ እናትሽ ከአስጎብኚው የበለጠ የሚያውቁበት ቦታ ይኸው ነው። ቅርንፉዱን በጥርሳቸው ሰብረው፣ እርዱን በጣታቸው አሽተው፣ ሄሉን ገልጠው ፍሬው ጥቁርና የሚያጣብቅ መሆኑን አይተው ነው የሚገዙት። ኮረሪማ ይጠይቃሉ፤ የሚሰጧቸው ሄል ነው። ነጋዴዎቹ እንዲህ ያለ ገዢ ያከብራሉ፤ ዋጋ ሲከራከሩም አትግቡባቸው። ልጃችሁ በትምህርት ቤት ስዋሂሊ የምትችል ከሆነ አስተርጓሚዋ እሷ ትሁን። አንቺ ጠዋቱን በሙሉ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስትመልሺ ከዋልሽ ራስሽ ምንም ሳታዪ ትመለሻለሽ። ለአስጎብኚውም በአጭር በአጭሩ እንዲናገር፣ እናትሽም ጥያቄ እንዲጠይቁት ጊዜ እንዲሰጥ ንገሪው።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ በደሴቷ ደቡብ ያለው ማማ ንጊና የባሕር ዳርቻ መናፈሻ ድረሱ። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ትልልቅ የባኦባብ ዛፎች አሉ። ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገቡ መርከቦች የሚያልፉት ከፊት ለፊታችሁ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ ኮንቴይነር እንደ ፎቅ የተደራረበበት መርከብ ሰዎቹ እስኪታዩ ድረስ ቀርቦ ሲያልፍ ታያላችሁ። ካሳቫ በሎሚና በሚጥሚጣ፣ የኮኮናት ውኃ ከነቅርፊቱ የሚሸጡ አሉ። ቢያንስ አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። አስጎብኚው ሰዓቱን ቢያይም አትነሱ።

ወደ ሆቴል ስትመለሱ፣ ጉልበታቸው ከፈቀደ፣ አንድ ቦታ እንዲጨምር ጠይቁት፤ ፕሮግራም ውስጥ ብዙም የማይገባ ስለሆነ ቀድማችሁ ንገሩት። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በእናትሽ አገር፣ በአንኮበር ተቀምጧል። ወደ ሸዋ ተመልሶ ለመግባት ሲሞክር አልሆነለትም፤ በዚያ መንገድ ላይ በበረሃ የተወለደች ልጁም ሞተችበት። በ1844 ሞምባሳ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሚስቱ ሮዚነና አዲስ የተወለደችው ልጃቸው በትኩሳት ሞቱ። መቃብራቸው ያለው እናንተ ባረፋችሁበት በኛሊ በኩል ነው። ክራፕፍ ኋላ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ፣ የአማርኛውንም መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ያረመ ሰው ነው። የአንኮበር ሰው ለሆኑት እናትሽ ይህ መቃብር ከዝሆን ጥርሶቹ ይልቅ የሚናገራቸው ነገር ያለ ይመስለኛል።

የቀረው የዋጋው ነገር ነው። ባለቤትሽ «ገንዘብ ማቃጠል» ያለው ከባዶ ተነስቶ አይደለም፤ ሆቴል የራሱን ትርፍ ይጨምራል። ስለዚህ ሆቴሉን አንድ፣ ፈቃድ ያለውን አስጎብኚ በቀጥታ ሁለት ብላችሁ ዋጋ ጠይቁ። በኬንያ አስጎብኚ ከመንግሥት የቱሪዝም ተቆጣጣሪ ፈቃድ ይይዛል፤ የሙያ ማኅበሩ ባጅ ያላቸውም አሉ። መታወቂያውን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። ምሽጉ በር ላይ «እኔ ላስጎብኛችሁ» እያሉ የሚከተሉ ስላሉ፣ የእናንተው ሰው ቀድሞ መያዙ ከዚያ ጭቅጭቅ ያድናችኋል። ስትዋዋሉ ነዳጅ፣ ማቆሚያ፣ የቱክቱኩ ሒሳብና የመግቢያ ቲኬት ውስጡ መኖር አለመኖሩን አንድ በአንድ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የምሽጉ መግቢያ ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለውጭ እንግዳ የተለያየ ነው፤ የናይሮቢ ነዋሪነት መታወቂያችሁን ከያዛችሁ ለእናንተ ይቀንሳል፣ የእናትሽ ግን በእንግዳ ዋጋ ይሆናል። ኤም-ፔሳችሁ ላይ በቂ ገንዘብ አድርጉ። ጉርሻ ለአስጎብኚውም ለሹፌሩም ለየብቻ ስጡ።

ድርድሩን ባለቤትሽ ይያዘው፤ ወጪ የሚያሳስበው ሰው ዋጋ ሲነጋገር ጥሩ ነው፣ ኩርፊያችሁም በዚያው ይለዝባል። እናትሽ «ስንት ከፈላችሁ?» ማለታቸው አይቀርም። ሒሳቡ በመኪና እንጂ በሰው እንዳልሆነ፣ እሳቸው ባይመጡም ከምሽጉ ቲኬት በቀር ሦስታችሁ ያንኑ ትከፍሉ እንደነበር ንገሯቸው። እንዳልኳችሁ ከተዋዋላችሁ እውነቱም ይኸው ነው።